የሚስተር ቨርጊስ ቀኖች

ብርሃነ ሥላሴን ፊት ለፊት ሳገኘው "እርስዎ" እለዋለሁ፤ ያደግኩበት ወግ ነው፣ ሌላው አፌ ላይ አይመጣም። እዚህ ግን "እሱ" ነው የምለው። ከዚያ በላይ አይገባውም።

ባሌ አብዱልሀኪም እዚህ ስቶክሆልም፣ ዩልስታ ውስጥ የፎቅ ደረጃ ያጥባል። ባልዲውን ተሸክሞ እስከ ላይ ይወጣና እያጠበ ይወርዳል፤ ሲጨርስ የሚቀጥለው መግቢያ ይጠብቀዋል። ጉልበቱ አልቋል። ሐኪሟ ራጅ አንስታ በአጥንቶቹ መካከል የቀረ ነገር እንደሌለ ነገረችው፤ ነግራው ስታበቃ ማስታገሻ ሰጥታ ወደ ባልዲው መለሰችው። ሱጁድ ወርዶ ለመነሳት የሶፋውን እግር መያዝ ከጀመረ ቆይቷል፤ በኋላማ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ጀመረ። እኔ ቀኑን ሙሉ ቴንስታ ውስጥ የፈረንጅ ሽማግሌ ሳጥብና ሳለብስ እውላለሁ። ማታ ደግሞ የራሴን ሽማግሌ ካልሲ አወልቃለሁ።

እዚህ አገር ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ፔንሾን፣ ማለት ጡረታ፣ ይወጣል። አብዱ ስልሳ አምስት ሞልቶታል፤ ፐርሶንኑመሩ፣ ከልደት ቀኑ የሚጀምረው የመታወቂያ ቁጥሩ፣ ግን ሃምሳ ስምንት ይላል። ሰባቱን ዓመት የቆረጥነው እኛው ነን። ካርቱም ሳለን ስዊድንን እናውቃለን ባዮች፣ "ከሃምሳ ያለፈን ሰው ማን ይፈልጋል?" አሉን፤ አብዱ ያኔ ሃምሳ አንድ ነበርና አርባ አራት ነው አልን። ማን ያልቆረጠ አለ? ስቶክሆልም ካለው ሐበሻ ሙሉ ዕድሜውን ይዞ የመጣ ካለ አምጡልኝና ልሳመው። ስንቆርጥ ማንም ምንም አልጠየቀንም፤ የቆረጥነውን ልንቀጥል ስንል ግን ምስክር አምጡ ተባልን።

ጠበቃዋ ፈገግታ የማታባክን ስዊድናዊት ናት። በልጃችን በማሂራ አስተርጓሚነት እንዲህ አለችን፦ "በልጅነቱ የሚያውቀው፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚምል፣ ቃሉ የሚታመን አንድ ሰው ካገኛችሁ ተስፋ አለ። ካላገኛችሁ የለም።" አብዱ ማሂራ ተርጉማ ሳትጨርስ፣ "አለ" አለ።

ሰውየው ብርሃነ ሥላሴ ነበር። ደሴ ላይ አንድ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የተማሩት። አብዱ ትምህርት የጀመረው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ስለሆነ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ጢም አብቅሎ ነበር፤ ብርሃነ ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ለፍላፊ ነበር። ዛሬ ብርሃነ ሥላሴ ኡፕላንድስ ቬስቢ ውስጥ ራድሁስ የሚሉት ተያይዞ የተሠራ የራሱ ቤት ያለው፣ በኮሙኑ፣ በማዘጋጃ ቤቱ፣ ቢሮ የሚሠራ፣ ስዊድኖቹ ስለ ሐበሻ አንድ ነገር ለማወቅ ሲፈልጉ የሚደውሉለት ትልቅ ሰው ነው። ችግሩ እሱም ቆርጧል። እኛ ሰባት ከቆረጥን እሱ አሥራ ሁለት ቆርጧል። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ሃምሳ ሊሞላ ነው፤ ፀጉሩን ጥቁር ይቀባል፣ ብርቅአየሁ የምትባል የሠላሳ ሦስት ዓመት ሚስት አግብቷል። አብዱን በሰው ፊት "ጋሼ" እና "አንቱ" እያለ ነው የሚጠራው። ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ለራሱ ወጣትነት እንዲመቸው እኩያውን አባት አደረገው።

የሁለቱን ሰዎች ልደት ካወቅኩ ወዲህ ብቻዬን የምስቅበት አንድ ነገር አለ። ደሴ ላይ ታሪክ ያስተማራቸው ሚስተር ቨርጊስ የሚባል ሕንዳዊ ነበር። ነጭ ሱሪ የሚለብስ፣ አንድ ዓይኑ ሁልጊዜ እንባ የሚያዝል፣ ያንን ዓይኑን በመሐረብ እየሸፈነ የሚናገር ሰው። የአገሩን ታሪክ በቀን በቀን አድርጎ እንደ ጸሎት ነው ያስጠናቸው፤ እሱ በእንግሊዝኛ ነገሩን ይጠራል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ቀኑን ይመልሳል። ማሃትማ ጋንዲ ሲወለዱ፣ ኔህሩ ሲወለዱ፣ አምሪትሳር ላይ ሕዝቡ ሲታረድ፣ ለጨው ሲሉ በእግር ሲጓዙ፣ ሕንድ ነፃ ስትወጣ። የወሎ ልጆች የራሳቸውን ልደት አያውቁም፤ ያን ግን እስከ ዛሬ በእንቅልፋቸው ይጠሩታል።

እና አብዱ እዚህ አገር ሲገባ ዓመተ ምሕረቱን ነገራቸው። ቀንና ወሩንስ አሉት። እናቱ የወለደችው በክረምት፣ ከብቱ ከሜዳ ሲገባ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያውቀው። በፈረንጅ አቆጣጠር አፉ ላይ ያለው የሚስተር ቨርጊስ ቀን ነበርና "ፊፍቲንዝ ኦገስት" አለ፤ ሕንድ ነፃ የወጣችበት ቀን። ብርሃነ ሥላሴም ከእሱ ቀድሞ መጥቶ ያንኑ አድርጓል፣ እሱ ግን እንደ ባሕሪው ትልቁን መረጠ፦ ሁለት ኦክቶበር፣ የጋንዲን ልደት። ሁለት የወሎ ሰዎች የሕንድን ታሪክ ተካፍለው ስዊድን ውስጥ ሻማ ያጠፋሉ።

በመስከረም ፔንዴልቶግ የሚሉትን ባቡር ይዘን የብርሃነ ሥላሴ ቤት ሄድን። ተምር ይዤ ነበር። በሩን ከፍቶ፣ "ጋሼ አብዱልሀኪም፣ እንደምን ሰነበቱ? ይግቡ፣ ቀስ ብለው፣ ደረጃ አለው" አለ። ደረጃ አለው ይላል ለአብዱ።

አብዱ ነገር ማሽሞንሞን አይችልም። እንደተቀመጠ፣ "ብርሃነ፣ ጉልበቴ አልቋል። አብረን መማራችንን፣ ያኔ አንተ ልጅ ስትሆን እኔ ጎረምሳ እንደነበርኩ ፍርድ ቤት ብትነግርልኝ ያሳርፉኛል" አለው። ብርቅአየሁ ሻይ ይዛ ገብታ ቆማለች።

ብርሃነ ሥላሴ ወደ ሚስቱ አየና ሳቀ። "ጋሼ፣ አንቱ እኮ የተማሩት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። ነፍሱን ይማረውና ዘወትር ያነሳዎት ነበር። እኔማ ያኔ ገና ማሕፀን ውስጥ ነኝ።"

ብርሃነ ሥላሴ ታላቅ ወንድም ኖሮት አያውቅም። የእናቱ በኩር ነው፣ ደሴ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ መለስኩ።

ስንወጣ ብርቅአየሁ ወጥ ቤት ገብታ ነበር። ያን ጊዜ ብርሃነ ሥላሴ የአብዱን ክንድ ይዞ በሹክሹክታ፣ "አብዱ፣ ሰባት ዓመት ምን አላት? አንተ ከልጅነትህም ጠንካራ ነህ፣ ያን ሁሉ ዱላ ችለህ የለ" አለው። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሃምሳኛ ልደቱ ላይ እንዳንቀር ጋበዘን።

ዱላው ምን እንደሆነ አብዱ የነገረኝ ባቡር ውስጥ ነው። በሠላሳ ዓመት ትዳር ነግሮኝ አያውቅም። ጋንዲን የገደሏቸው በእኛ ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ዓመቱ አርባ፣ በፈረንጅ አርባ ስምንት ነው። ሰኞ ሚስተር ቨርጊስ ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ አንድ አዲስ ቀን ጨመረ፤ ሠላሳ ጃንዋሪ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ቆመና አለቀሰ። ወሎዬ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ የሚያየው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ብርሃነ መሐረብ አውጥቶ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ እንደ መምህሩ ተንሰቀሰቀ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚስተር ቨርጊስ ሲዞር ብርሃነ ጣቱን ወደ አብዱ ቀስሯል። አብዱ ዝም አለ። ትልቅ ስለሆነ ትንሹን ማስመታት ነውር መስሎት ዝም አለ። ሰውየው የአገሩን ሐዘን ሁሉ በአብዱ እጅና ጀርባ ላይ ነው ያሳረፈው።

"እና አሁንም ልደቱ ላይ ትሄዳለህ?" አልኩት።

"እሄዳለሁ። ሰው መሃል ብለምነው ያፍራል" አለ። ተናደድኩ። እንደሱ ዓይነት ሰው ያፍራል ብሎ የሚያስብ ባል አላህ ሰጠኝ።

ልደቱ ዓርብ ዋለ። ቬስቢ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ የቢሮ አለቆቹን፣ የሐበሻ ማኅበሩን ሰው ሁሉ፣ አብሮት የሚሠራ አንድ ሕንዳዊ ጋብዟል። ክርስቲያኑ በጾም ቀን ሥጋ ፊት ተቀምጦ ድንቹን ብቻ ይለቅማል፤ ለእኛ ለእስላሞቹ የተለየ ነገር አልተዘጋጀም፣ የእኔ፣ የአብዱና የማሂራ ወንበርም ካፖርት መስቀያው ሥር ነው። ብርቅአየሁ ነጭ ቀሚስ ለብሳ በእንግዳው መሃል ትንሸራሸራለች። ኬኩ ላይ በክሬም ሃምሳ ተጽፏል።

ሕንዳዊው ተነስቶ በእንግሊዝኛ፣ "ወዳጄ፣ ከማሃትማ ጋንዲ ጋር በአንድ ቀን መወለድህን ታውቃለህ?" አለው። ብርሃነ ሥላሴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። የአምላክ ሥራ ነው" አለ። ስዊድኖቹ አጨበጨቡ።

ቀጥሎ ያደረገውን ባያደርግ ኖሮ አብዱ ዝም ብሎ ድንቹን በልቶ ይመለስ ነበር። ብርሃነ ሥላሴ ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ካፖርት መስቀያው አየና፣ "አሁን የአገራችን ወግ ነው፣ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት አባታችን ይመርቁኝ" አለ። ለስዊድኖቹ ደግሞ ሽማግሌው የወንድሙ ጓደኛ እንደሆነና ዩልስታ ደረጃ እንደሚያጥብ አስረዳቸው። ሁሉም ዞረው በርኅራኄ አዩት።

አብዱ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። ሁለት እጁን ዘረጋ። እኔ ሊለምነው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ዕድሜ ይስጥህ" አለ አብዱ። ሐበሻው "አሚን" አለ።

"ጤና ይስጥህ።" "አሚን።"

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ቀጭን፣ እየዘፈነ የሚናገር የመምህር ድምፅ አወጣ፤ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። በእንግሊዝኛ፣ "የማሃትማ ልደት?" አለ።

"ሰከንድ ኦክቶበር፣ ኤይቲን ሲክስቲ ናይን!" አለ ብርሃነ ሥላሴ። ሳያስብ ነው። አፉ ቀድሞት ወጣ። ራሱም ሳቀ።

"የኔህሩ ልደት?" "ፎርቲንዝ ኖቬምበር፣ ኤይቲን ኤይቲ ናይን!" ሕንዳዊው ከወንበሩ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ አለቆቹም ተከተሉት። ብርሃነ ሥላሴ ጭብጨባ ካገኘ ሌላውን ይረሳል፣ ወይኑም ረድቶታል። አምሪትሳርን መለሰ፣ ጨውን መለሰ፣ ነፃነትን መለሰ፤ ፊቱ እንደ ልጅ በራ። ያን ሰዓት ከነፀጉሩ ቀለም አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር።

"የማሃትማ ሞት?" አለ አብዱ።

"ሠርቲዝ ጃንዋሪ፣ ናይንቲን ፎርቲ ኤይት!" አለና ብርሃነ ሥላሴ ከኪሱ መሐረብ አወጣ። አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ፣ ትከሻውን እያርገፈገፈ። አዳራሹ ሳቀ። "መምህራችን ነው!" አለ ለሕንዳዊው፣ ትንፋሽ እያጠረው። "የአገርህ ሰው፣ ሚስተር ቨርጊስ! ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ሲያለቅስ እኔ እንዲህ አደረግኩ። ዱላውን ግን የቀመሰው ይሄ ምስኪን ነው!"

ሕንዳዊው አልሳቀም። በደንብ አየውና፣ "ጋንዲ እንደሞቱ? አርባ ስምንት ላይ?" አለ።

"አዎ፣ በዚያው ሰኞ" አለ ብርሃነ ሥላሴ። ከዚያ ዞሮ ኬኩን አየ።

ስዊድኖቹ ምንም አልገባቸውም፣ እየሳቁ ነበር። ሐበሻው ግን ደምሮ ጨርሷል። አርባ ስምንት ላይ አራተኛ ክፍል የነበረ ሰው በዚያው አርባ ስምንት ተወለድኩ ብሎ የሃምሳ ዓመት ኬክ ይቆርሳል። ብርቅአየሁ ቢላዋ ይዛ ቆማ ባሏን ታየዋለች። "ወንድሜ... ወንድሜ የነገረኝ ታሪክ ነው" አለ፣ መሐረቡ እጁ ላይ እንዳለ።

አብዱ እጁን አላወረደም ነበር። በአማርኛ ምርቃቱን ጨረሰ፦ "የቆረጥከውንም ዕድሜ አላህ ይመልስልህ።"

ሽማግሌዎቹ ልማድ ሆኖባቸው "አሚን" አሉ። ወላሂ ደስ አለኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ማሂራ ስዊድንኛዋን ጀምራ፣ "ማማ፣ ስሉታ" ትለኛለች፣ በቃሽ ማለቷ ነው። አብዱ በመስኮት ጨለማውን ያይ ነበር። አልሳቀም።

ጉዳዩ በጥር ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠበቃዋ ልደቱ ላይ የነበሩትን እንድታስጠራ ስም ሰጠናት። አንዱ ታመመ፣ አንዷ አገር ቤት ልትሄድ ነው፣ አንዱ ሙዚቃ ስለነበር አልሰማሁም አለ። ሙዚቃ አልነበረም። ሁሉም የየራሱ የተቆረጠ ዓመት አለው፣ ዕድሜ የሚመረመርበት ቤት ደፍሮ የሚገባ አልተገኘም። ሕንዳዊው እንኳ በሥራ ባልደረባው ጉዳይ መግባት እንደማይፈልግ በትሕትና ተናገረ። ከተጠሩት ብርሃነ ሥላሴ ብቻ መጣ፣ ፀጉሩን አዲስ ተቀብቶ።

ማለ። ዳኛዋ ይህን ሰው በልጅነቱ ታውቀዋለህ ወይ አለችው። "አላውቀውም" አለ በጠራ ስዊድንኛ፤ ልደቱ ላይ የተናገረው ከሟች ወንድሙ የሰማውን እንደሆነ፣ ሽማግሌው በድካም ብዛት ሁለቱ ወንድማማቾች እንደተምታቱበት፣ እንደሚያዝንለትም ጨመረ። እያየሁት አንድ ጊዜ እንኳ አልተንተባተበም።

አብዱ ተነስቶ፣ "ልደቱን ከየት እንዳመጣው ጠይቁልኝ። ከእኔው መምህር ነው የወሰደው" አለ። አስተርጓሚው ተረጎመ። ዳኛዋ ሰዓቷን አየችና ብዙ ሰው ኦክቶበር ሁለት እንደሚወለድ ነገረችው።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቃዋ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ተስፋ እንዳናደርግ ነገረችን። አብዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ብርቅአየሁ ባሏን እየጠበቀች ግድግዳው ጥግ ቆማ ነበር፤ ብርሃነ ሥላሴ መታጠቢያ ቤት ገብቷል። ሄድኩና ፊቷ ቆምኩ። "አንቺ ልጅ፣ ባልሽ ላንቺ ብሎ ነው የእኔን ባል የገደለው። ዕድሜውን እንዳታውቂ ብሎ" አልኳት።

አየችኝ። ክፉ ፊት እንኳ አልነበራትም። "እትዬ ከዲጃ፣ ስልሳ ሁለት መሆኑን ሳገባውም አውቃለሁ። አባቴ ደሴ ከእሱ አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ ነው የተማረው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?"

"ምን በወጣኝ?" አለች። "እንዳልደርስበት እየፈራኝ ነው የሚኖረው። የምለውን ሁሉ ያደርጋል። ቢያውቅ ኖሮ እንደ ሌላው ባል ይሆንብኝ ነበር።"

ብርሃነ ሥላሴ ከኋላችን ቆሞ ነበር። ፊቱን ታጥቦ የፀጉሩ ቀለም በጆሮው በኩል ትንሽ ወርዷል። ሁሉንም ሰምቷል። ሚስቱ መሐረብ ከቦርሳዋ አውጥታ ጥቁሩን ጠረገችለትና ካፖርቷን ለብሳ ቀድማው ወጣች። እሱ እዚያው ቀረ። ወደ አብዱ ሄደ፣ አጠገቡ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፣ ደሴ ላይ ይቀመጡ እንደነበረው። "አብዱ" አለው። "አብዱ፣ ሰማሃት?"

አብዱ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ተነሳ። በሕይወቴ ከዚያ ቀን በፊት ክፉ ቃል ሲናገር አልሰማሁትም። ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ "አይዞህ ልጄ" አለው። "ገና ሃምሳህ ነው። ብዙ ዓመት አብረሃት ትኖራለህ።"

ውሳኔው በየካቲት መጣ፣ ጠበቃዋ እንዳለችው። በማግስቱ አብዱ ባልዲውን ይዞ ዩልስታ ሄደ። ማስታገሻው ስለማይበቃው አሁን ሁለት ሁለት ይውጣል። እዚያ ፎቅ ላይ የምትኖር የሐበሻ ሴት ደረጃው ላይ ብቻውን በእንግሊዝኛ እየጠየቀ ራሱ እንደሚመልስ ነገረችኝ፤ አብዶ እንዳይሆን ሰግታ ነው። ኔህሩን ይጠይቃል፣ ጨውን ይጠይቃል፣ እየመለሰ አንድ ደረጃ ይወርዳል።

በመጪው ነሐሴ ማሂራ ኬክ ልትጋግርለት አስባለች። ሕንድ ነፃ በወጣችበት ቀን አባቷ ሃምሳ ዘጠኝ ይሞላዋል።